ክንፉ ጨርቅ ከመልበሱ በፊት

ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል ወደ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነዳ የሲልቨር ስፕሪንግ ወይም የአሌክሳንድሪያ ኢትዮጵያዊ፣ ብዙ ጊዜ ሳያስተውለው የሚያልፈው አንድ ግዙፍ ቤት አለ። ከማረፊያው በስተደቡብ፣ ሻንቲሊ በምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ የሚገኘው ይህ ቤት ኡድቫር-ሄዚ ማዕከል ይባላል፤ የስሚዝሶኒያን የበረራና የጠፈር ሙዚየም ሁለተኛ ቤት ነው። የተከፈተው በ2003 ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በውስጡ አሮጌ አውሮፕላኖች የሚታደሱበት ሰፊ የጥገና አዳራሽ አለ። ጎብኚው ከፎቅ ላይ በመስታወት በኩል ቁልቁል እያየ፣ ባለሙያዎቹ ሲፈቱና ሲገጥሙ ሊመለከት ይችላል።

ይህንን የእጅ ሥራ ብቻ ነው ብለን ልናልፈው እንችላለን። ነገር ግን ያረጀ የእንጨት ክንፍ ፊት የቆመ ጠጋኝ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት የሚገጥመው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው። የበሰበሰውን አውጥቶ አዲስ እንጨት ሲተካ፣ ከዚያም ጨርቅ አልብሶ ሲቀባው፣ ማንም ልዩነቱን አያየውም። ታዲያ ይህ መጠገን ነው ወይስ ማታለል? ሁለቱን የሚለያቸውስ ምንድን ነው?

ጥያቄው እንዲገባን አስቀድመን ክንፉን እንክፈተው። በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የተሠሩት ቀላል አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ክንፋቸው ከእንጨትና ከጨርቅ ነበር። ከአውሮፕላኑ አካል ተነሥተው እስከ ክንፉ ጫፍ የሚዘረጉ ሁለት ረጃጅም እንጨቶች አሉ፤ ስፓር ይባላሉ፤ የቤት ሠርዌ ብንላቸውም ያስኬዳል። ብዙውን ጊዜ የሚሠሩት ስፕሩስ ከሚባለው ከጥድ ወገን የሆነ ዛፍ ነው፤ ቀላል ነው፣ ጭረቱም ቀጥ ያለና ረጅም ነው። በስፓሮቹ ላይ ተሻግረው ለክንፉ ቅርጽ የሚሰጡት ጎድኖች ናቸው። እነሱም ከጣት የቀጠኑ እንጨቶች ሆነው፣ በየመገናኛቸው በትንንሽ የኮምፔርሳቶ ቁራጮች፣ በኮላና በሚስማር ይያያዛሉ። በዚህ ሁሉ ላይ የጥጥ ወይም የተልባ ጨርቅ ይወጠራል፤ በጨርቁም ላይ ዶፕ የሚባል ቫርኒሽ መሰል ፈሳሽ ይቀባል። ዶፑ ሲደርቅ ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከዚያ በኋላ ውስጡን የሚያይ የለም።

የእንጨት ክንፍ በሽታም ውስጥ ውስጡን ነው። እርጥበት ይገባል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል። በድሮ ጊዜ ይሠራበት የነበረው ኬዚን የተባለው ከወተት የሚወጣ ኮላ፣ እርጥበትና ሻጋታ ሲያገኘው ጉልበቱን ያጣል። ጠጋኙ የታመመውን ቆርጦ ያወጣል፤ አዲሱንና አሮጌውን እንጨት በሰያፍ ይጠርባል፤ የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱን ውፍረት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት እጥፍ እንዲሆን ይፈለጋል። ሁለቱ ገጾች ያለ ክፍተት መግጠም አለባቸው። ኮላው በትክክል መለካት፣ በትክክለኛ ሙቀት መድረቅ አለበት። እዚህ ላይ ነው ሥራው ከሌላው አናጢነት የሚለየው፤ በጥንቃቄ የተጣበቀ መጋጠሚያና በቸልታ የተጣበቀ መጋጠሚያ ከውጭ አንድ መልክ አላቸው። በዓይን አይለዩም። የሚለያቸው የሠራው ሰው ያደረገው ነገር ብቻ ነው።

ለዚህም ነው የአሜሪካ የአቪዬሽን ሕግ ጠጋኙን በብዕር የሚያስረው። ምን እንደሠራ፣ መቼ እንደጨረሰ ይጽፋል፤ ይፈርማል፤ የፈቃድ ቁጥሩን ያሰፍራል። እንደ ስፓር ያለ ዋና ክፍል ሲጠገን ደግሞ ፎርም 337 የሚባል ሰነድ ይሞላል፤ አንዱ ቅጂ ለባለቤቱ፣ ሌላው ለፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ይሄዳል። የቢሮ ሥርዓት ይመስላል። መሠረቱ ግን ቢሮ አይደለም። ክንፉ ከተሸፈነ በኋላ አብራሪው የሚሳፈረው ባላየው ነገር ላይ ነው፤ ስለዚህ ያየው ሰው ያየውን ሊነግረው ይገባል፣ ስሙንም ሊያስይዝ ይገባል ማለት ነው።

ማርች 31 ቀን 1931 አንድ የፎከር መንገደኛ አውሮፕላን በካንሳስ ግዛት ወደቀ። የተሳፈሩት ስምንት ሰዎች በሙሉ ሞቱ፤ ከእነሱም መካከል በመላው አሜሪካ ስሙ የታወቀው የፉትቦል አሠልጣኝ ኑት ሮክኒ ነበረ። የአውሮፕላኑ ክንፍ የእንጨት ሲሆን፣ የተሸፈነው በጨርቅ ሳይሆን ዙሪያውን በኮምፔርሳቶ ነበር፤ እሱም በበረራ ላይ ሳለ ተገነጠለ። ጥርጣሬው በእርጥበት ወደ ላላው ኮላ አመራ። መንግሥት የቀሩት የዚያ ዓይነት አውሮፕላኖች እንዲመረመሩ ሲያዝ ችግሩ ግልጥ ሆነ፤ ውስጡን ለማየት ሽፋኑን መላጥ ያስፈልግ ነበር። የክንፉ ጥፋት እንጨት መሆኑ ብቻ አልነበረም። ሊጠየቅ የማይችል ሆኖ መሠራቱም ጭምር ነው።

ተቃራኒ ምሳሌ እዚሁ ቅርባችን አለ። ሴፕቴምበር 17 ቀን 1908 ኦርቪል ራይት በአርሊንግተን ፎርት ማየር ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት አውሮፕላኑን ሲያሳይ፣ አንዱ የእንጨት ውልብልቢት ተሰነጠቀና ማሽኑ ወደቀ። አብሮት የተሳፈረው መቶ አለቃ ቶማስ ሰልፍሪጅ ሞተ፤ በሞተር አውሮፕላን አደጋ የሞተ የመጀመሪያው ተሳፋሪ እሱ ነው። ኦርቪል ራሱ ክፉኛ ተጎዳ። የውልብልቢቱ ስንጥቅ ምን እንዳስከተለ ግን ተመረመረ፣ ታወቀ። በዓመቱ ጁላይ 30 ቀን 1909 ኦርቪል በአዲስ ማሽን፣ መቶ አለቃ ቤንጃሚን ፉልዋን አሳፍሮ ከዚያው ከፎርት ማየር ተነሣ፤ አሌክሳንድሪያ ሹተርስ ሂል ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ሹተርስ ሂል ዛሬ ከኪንግ ስትሪት ሜትሮ ጣቢያ ወርዶ ቀና የሚል ሰው የሚያየው የሜሶኖች መታሰቢያ ግንብ የቆመበት ኮረብታ ነው። ፉልዋ የተሳፈረው ሰው በሞተበት ዓይነት ማሽን ላይ ነበር። ሊሳፈር የቻለውም ስብራቱ ስላልተደበቀ ይመስለኛል።

እስካሁን የተነጋገርነው ስለሚበር ክንፍ ነው። በሚበር ክንፍ ላይ ግዴታው ግልጥ ነው፤ ቅድሚያ ለሚሳፈረው ሰው ነው። እንጨቱ የቱንም ያህል ታሪካዊ ቢሆን፣ ደካማ ከሆነ ይወጣል። ሙዚየም ስንገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ የሚሳፈር የለም። ስለዚህ ደካማውም እንጨት፣ የሠራው ሰው እጅ ያረፈበት ስለሆነ ብቻ መቆየት ይገባዋል። ያንኑ የተሰነጠቀ ጎድን የአውሮፕላን ጠጋኝ ቢተወው ሰው ይገድላል፤ የሙዚየም ጠጋኝ ቢጥለው ማስረጃ ያጠፋል። አንዱ ለሕያዋን ባለ ዕዳ ነው፣ ሌላው ለሙታን። ሁለቱም ትክክል ናቸው።

ታዲያ ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ መርሕ ይኖር ይሆን? አንዳንዶች መርሑ ብዛት ነው ይላሉ፤ ከግማሽ በላይ አሮጌው እንጨት ካለ እውነተኛ ነው፣ ከዚያ ካነሰ ቅጂ ነው። ይህ ፈላስፎች ስለ መርከብ ሲከራከሩበት የኖሩት ነገር ነው፤ ሳንቃዋ ሁሉ አንድ በአንድ የተተካላት መርከብ ያችው መርከብ ናት ወይ? እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ከመንገድ የሚያወጣን ይመስለኛል። እዚያው ስሚዝሶኒያን ውስጥ የሚገኙ ሁለት አሮጌ ማሽኖች ይህንን በደንብ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የሳሙኤል ላንግሊ ነው። ላንግሊ የስሚዝሶኒያን ዋና ጸሐፊ፣ የተከበረ ሳይንቲስት ነበር። ከጦር ሚኒስቴር 50,000 ዶላር ተሰጥቶት ኤሮድሮም ብሎ የሰየመውን ሰው የሚይዝ ማሽን ሠራ። በ1903 በፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ ከጀልባ ቤት ጣሪያ ሁለት ጊዜ ተወነጨፈ፤ ኦክቶበር 7 እና ዲሴምበር 8። ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው ከአሌክሳንድሪያ ጥቂት ወደ ላይ፣ አናኮስቲያ ከፖቶማክ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ ነው። ሁለቱም ጊዜ ማሽኑ ውሃ ውስጥ ገባ፤ አብራሪው ቻርልስ ማንሊ በሕይወት ተረፈ። ከሁለተኛው ውድቀት ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 17፣ የራይት ወንድማማቾች በሰሜን ካሮላይና በረሩ። ላንግሊ በ1906 ሞተ።

ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። በ1914 ስሚዝሶኒያን ማሽኑን ለግሌን ከርቲስ ሰጠው። ከርቲስ በወቅቱ ከራይቶች ጋር በፓተንት የሚካሰስ ሰው ነበር። የክንፉን ቅርጽ ለወጠ፣ ማጠናከሪያዎቹን ለወጠ፣ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፉ እግሮች ጨመረለት፤ ከዚያም በኒው ዮርክ ግዛት ኪዩካ ሐይቅ ላይ ለአጭር ርቀት ብድግ አደረገው። ስሚዝሶኒያን ማሽኑን ተረከበ፣ ወደ 1903 ቅርጹ መለሰው፣ ሰው ይዞ ለመብረር የቻለ የመጀመሪያው አውሮፕላን ነው የሚል ጽሑፍ አንጠልጥሎ ለሕዝብ አሳየው። ስለተደረገው ለውጥ የተሟላ ነገር አልተነገረም።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በእንጨት ሚዛን ከለካነው ይህ ጥሩ ጥገና ነው። ማሽኑ የላንግሊ ነው፤ ቅርጹ ወደነበረበት ተመልሷል። ግን ቅርጹ ሲመለስ ከርቲስ የለወጠው ነገር ከዓይን ተሰወረ። ጎብኚው የ1903ን ማሽን እያየ የ1914ን ማሽን ሥራ እንዲያምን ተደረገ። ክንፉ እውነተኛ ነበር፤ ጽሑፉ ሐሰተኛ።

ኦርቪል ራይት ተቆጣ፤ ወንድሙ ዊልበር በ1912 ሞቶ ስለነበር ክርክሩን የያዘው ብቻውን ነው። በ1928 የ1903ን አውሮፕላን ለንደን ወደሚገኘው የሳይንስ ሙዚየም ላከው። የአሜሪካ ታላቅ ቅርስ ሃያ ዓመት በስደት ኖረ ማለት ነው። በ1942 የስሚዝሶኒያን ዋና ጸሐፊ ቻርልስ አቦት ከርቲስ ያደረጋቸውን ለውጦች በዝርዝር አሳትሞ ተቋሙ የቀድሞ አባባሉን ሳበ። አውሮፕላኑ ዋሽንግተን ገብቶ የተሰቀለው ዲሴምበር 17 ቀን 1948 ነው። ኦርቪል ግን በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ሞቶ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ እዚህ ለመጥራት ሃያ ስምንት ዓመት ፈጅቷል፣ የጠበቀውም ሰው የመጨረሻውን ቀን አላየም።

አሁን የራይቶችን ማሽን ገላ እንመልከት። በመጀመሪያው ቀን፣ ከአራተኛው በረራ በኋላ፣ ነፋስ ገልብጦ ሰባበረው። ዳግመኛ አልበረረም። በሣጥን ታሽጎ ኦሃዮ ዴይተን ተቀመጠ፤ በ1913 ከተማዋን ያጥለቀለቀው ጎርፍ ደረሰበት። በ1916 ለኤግዚቢሽን ሲገጣጠም ተጠገነ፤ በ1927 ኦርቪል ጨርቁን በሙሉ በአዲስ ቀየረው፤ በ1985 ስሚዝሶኒያን እንደገና ቀየረው። ዛሬ የምናየው ጨርቅ በ1903 የበረረው ጨርቅ አይደለም። ሆኖም ይህንን ማሽን ሐሰተኛ የሚለው የለም፤ ምክንያቱም ጨርቁ መቼ፣ በማን እንደተቀየረ የሚጠይቅ ሁሉ መልስ ያገኛል።

እንግዲህ ጥገናን ከማታለል የሚለየው የቀረው አሮጌ እንጨት ብዛት አይደለም። የተለወጠው ነገር በላዩ ለሚሳፈር ሰው መነገሩ ነው። ሙዚየምም ውስጥ ተሳፋሪ አለ። ጎብኚው በክንፉ ላይ አይቀመጥም፤ ነገር ግን ፍርዱን፣ ዕውቀቱን፣ ለልጁ የሚነግረውን ነገር በዚያ ክንፍ ላይ ያሳፍራል። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተርም ስለ ሐውልቶችና ሕንፃዎች ጥገና ሲደነግግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ አዲስ የገባው ክፍል ከጠቅላላው ጋር ይስማማ፣ ግን ከጥንቱ ተለይቶ ይታወቅ።

ይህ ለእኛ ባዕድ ሐሳብ አይደለም። ብራና ፋቂ ቆዳውን ሲፍቅ አንዳንድ ጊዜ ይበሳዋል። ቀዳዳው በክር ይሰፋል፤ ጸሐፊውም ስፌቱን ዞሮ ይጽፋል። የመጽሐፉ የእንጨት ገበታ ሲሰነጠቅ ደግሞ ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በወስፌ ተበስቶ ይሰፋል። ከዘመናት በኋላ መጽሐፉን የሚከፍት ሰው ስፌቱን ያያል። መጽሐፉ ግን ያው መጽሐፍ ነው፤ ይነበብበታል፣ ይሳለማል። ስፌቱ ያዋረደው የለም። እንዲያውም መጽሐፉን ሊያቆየው የፈለገ ሰው እንደነበረ የሚመሰክረው እሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር አንዲት የራሳችን አውሮፕላን ትመጣብኛለች፤ «ፀሐይ»። በ1935 አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራች ቀላል አውሮፕላን ናት፤ ስሟ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ስም ነው። ሠሪዋ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ ነው። ወዲያው የጣሊያን ወረራ መጣ፤ አውሮፕላኗ ተወሰደች፤ ለአሥርት ዓመታት ከሮም በስተሰሜን ብራቺያኖ ሐይቅ ዳር ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ቆየች። በጃንዋሪ 2024 መጨረሻ፣ ታድሳ፣ የጣሊያን መንግሥት ለጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ አስረከባት። ብዙዎቻችን ዜናውን ስንሰማ ደስ ብሎናል፤ ደስታውም የሚገባ ነው።

የጠጋኙን ጥያቄ ግን ለእሷም ማንሣት አለብን። የታደሰ ነገር ያምራል፤ ማማሩም አደጋ አለው። አዲስ ቀለም የቀባናት አውሮፕላን ከ1935 በቀጥታ ወደ እኛ የበረረች ልትመስል ትችላለች። በመካከል ያለው፣ መወሰዷ፣ በወሰዳት አገር ሙዚየም መቆሟ፣ በዚያው አገር መታደሷ፣ የታሪኳ ስፌት ነው። ኢትዮጵያዊ ልጅ ፊቷ ሲቆም የትኛው ክፍል የ1935 እንደሆነ፣ የትኛው በጣሊያን እጅ እንደተተካ የሚያውቅበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ጣሊያንን ለመክሰስ ወይም ለማመስገን ብለን አይደለም፤ ልጁ ዕውቀቱን በእሷ ላይ ስለሚያሳፍር ነው።

ከዚህም የሚብስ ክፍተት አለ። መመለሷ ሲነገር የቬበር ስም በየዜናው ተጠራ። አብረውት የሠሩት ሰዎች ግን «ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች» በሚል ጥቅል መጠሪያ ታለፉ። በጠጋኝ ቋንቋ ብንናገር፣ መዝገቡ ላይ አንድ ፊርማ ብቻ አለ። ለአገር ኩራት «እኛ ሠራናት» ማለት ይበቃ ይሆናል፤ ለሥነ ምግባር አይበቃም። እንጨቱንም ሆነ ብረቱን የያዘው እጅ የሰው እጅ ነው፤ ሰውም ስም አለው። ስማቸውን ከቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ከደብዳቤ፣ ከመዝገብ ቤት መፈለግ ከማንኛውም ቀለም የሚበልጥ እድሳት ነው። ምናልባት የአንዳቸው የልጅ ልጅ ይህንን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ይሆናል።

አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይቀራል። ሁሉ ነገር ለሁሉ ይነገር ከተባለ ኑሮ የሚቻል ነው ወይ? ስደተኛ ወላጅ ይህንን ጥያቄ ያውቀዋል። ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዶ ያደገ ልጅ «ከአገር የወጣችሁት ለምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አባት ከታሪኩ የበሰበሰውን አውጥቶ፣ ደካማውን ደግፎ፣ አዲስ ጨርቅ አልብሶ ይነግረዋል። ከእስር ቤቱ ዘመን ቀልዱን፣ ከመንገዱ ደግ ሰዎችን፣ ከተለያዩት ወንድማማቾች ፍቅራቸውን ብቻ ያስቀራል። ይህ ፍቅር ነው፤ ውሸታም ልንለው አይገባም። የስድስት ዓመት ልጅ ሸክሙን ሁሉ መሸከም አይችልም። አገርም እንደዚሁ ታደርጋለች፤ ያለ ሽፋን የሚበር ክንፍ የለም።

መልሱን የእንጨት ክንፍ ራሱ የያዘው ይመስለኛል። ጠጋኙ ጨርቁን ሲያለብስ፣ ዋናዎቹ መጋጠሚያዎች ባሉበት ቦታ ትንንሽ ክብ ቀዳዳዎች ይተዋል፤ የመመርመሪያ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በክዳን ይዘጋሉ። በየቀኑ አይከፈቱም። ተሳፋሪው ሁሉ አያያቸውም። ማወቅ የሚገባው ሰው ሲመጣ ግን ክዳኑን አንሥቶ፣ በባትሪ አብርቶ ያያል። ሽፋኑን መቅደድ አያስፈልገውም። በካንሳስ የወደቀው ክንፍ ያልነበረው ይህ ነው፤ ውስጡን ለማየት መሰበር ነበረበት።

ለልጅ ሁሉን ዛሬ አለመንገር አንድ ነገር ነው፤ ነገ ሲጠይቅ እንዳያገኘው አድርጎ መድፈን ሌላ ነገር ነው። ላንግሊን በሚመለከት ስሚዝሶኒያን የፈጸመው ጥፋት ለእያንዳንዱ ጎብኚ ዝርዝሩን አለማንበቡ አይደለም፤ ሊጠይቅ ለመጣ ሰው በሩን መዝጋቱ፣ በላዩም ሐሰተኛ ጽሑፍ ማንጠልጠሉ ነው። አባትም ለልጁ «ይህንን ስታድግ እነግርሃለሁ» ካለ ቀዳዳውን ትቶለታል። «ምንም አልነበረም» ካለው ግን ደፍኖታል፤ ልጁም አንድ ቀን ሌላ ዘመድ ዘንድ ሄዶ ጨርቁን ራሱ ይቀድደዋል።